አቧራ የሌለው ሥራ፦ የእታለም የሕይወት ታሪክ

ቤተሰቡ «እታለም»፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ደግሞ «ፖስታ ቤት» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩት አክስታችን፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ኅዳር 9 ቀን 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበትን ባለ ሦስት ክፍል ቤት አባታቸው በገዛ እጃቸው የገነቡት ሲሆን፣ በዚያ ሳምንት ሦስተኛው ክፍል ገና ጣሪያ አልነበረውም። አባትየው ምጡ እስኪያበቃ እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቅ ስላልሆነላቸው፣ ያን ዕለት አንድ ሙሉ ግድግዳ ለስነው ጨርሰዋል። ስለዚህ የእታለም ልደት በቤተሰቡ ዘንድ በቀን ብቻ ሳይሆን በግድግዳም ይታወሳል፤ ከመግቢያው በስተግራ ያለው፣ ትንሽ ያዘነበለ የሚመስለው እርሱ ነው። አባትየው ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ጠማማ ግድግዳ ሠርተው አያውቁም።

በዚያ ቤት ሥራ ማለት የሚታይ ነገር ነበር። ቀኑ ሲያልቅ እናት የሰፉትን ልብስ ዘርግተው ያሳያሉ። አባት ከክንዳቸው ላይ አቧራውን ታጥበው ሲቀመጡ፣ ከትልቅ እስከ ትንሽ በየተራ «ዛሬ ምን ሠራሽ? ዛሬ ምን ሠራህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ታናሽ ወንድማቸው «አጥር ጠገንኩ»፣ «ጡብ ደረደርኩ» እያሉ ሲመልሱ፣ እታለም ግን ክር ግዢ ተብለው ተልከው ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚመለሱ ልጅ ነበሩ። ክሩን ብቻ ሳይሆን ወሬም ይዘው ይመጣሉ። ወሬው ሐሜት አይደለም። ባለ ሱቁ ውድ ውዱን ዕቃ ከሰው ዓይን ትክክል እንደሚደረድር፣ ክር ሊገዙ ከመጡት ሴቶች ግማሾቹ ክሩን ረስተው አዝራር ገዝተው እንደሚሄዱ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው። እናታቸው «የዚችን ልጅ እግር ሳይሆን ዓይኗን ነው ማሰር» ይሉ ነበር። አባትየው ደግሞ «እሺ፣ ክሩን ገዛሽ፤ ከዚያ ሌላስ ምን ሠራሽ?» ይላሉ። መልሱ «ሳስብ ነበር» ከሆነ ፍርዱ የታወቀ ነበር፤ «ማሰብማ ፍየልም ታስባለች።»

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከቤታቸው ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህራቸው በፈተና ወረቀታቸው ላይ «አካሄዱ ግሩም ነው፤ መልሱ የታለ?» ብለው የጻፉት ማስታወሻ እስከ ዛሬ በቤተሰቡ አልበም ውስጥ ይገኛል። እታለም ወረቀቱን ያስቀመጡት በቁጭት ይሁን በኩራት፣ አልተናገሩም። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው ስታቲስቲክስ ካጠኑ በኋላ በ1971 ዓ.ም. በማዕረግ ተመረቁ። አባታቸው የዲግሪውን ወረቀት አገላብጠው አዩ፤ ለሚሰቀልበት ሚስማር ቦታውን በሜትር ለክተው ራሳቸው መቱለት። ከተሰቀለ በኋላም ራቅ ብለው ቆመው «በሉ እንግዲህ፣ ግድግዳውም ሥራ አገኘ» አሉ።

በ1972 ዓ.ም. በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ በመጠይቅ ሰብሳቢነት ተቀጠሩ። ሥራው በየሰው በር እየዞሩ «የትኛውን ሳሙና ይጠቀማሉ? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ሌሎቹ ሰብሳቢዎች ሳጥኑ ውስጥ ምልክት አድርገው፣ ከውሻ አምልጠው ይመለሳሉ። እታለም ግን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የራሳቸውን ይጨምሩ ነበር። አንዱ እንዲህ ይላል፤ «ሴትየዋ ‹ጥሩውን ሳሙና ነው የምጠቀመው› አሉኝ። ሳፋው አጠገብ ያለው ግን ርካሹ ነው። ጥሩው ሳሎን ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ መጠቅለያው አልተቀደደም።» የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ረጋ ያሉ ሰው፣ ቀስ በቀስ ሳጥኖቹን ትተው ጠርዙን ብቻ ማንበብ ጀመሩ። በ1976 ዓ.ም. እታለም የማስታወቂያ እቅድ አውጪ ሆነው ተመደቡ።

ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ቤተሰቡ ለአርባ ዓመት ያህል ሲጠይቀው የኖረ ጥያቄ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ሊመለስ ይገባዋል። ማስታወቂያ ሲሠራ ሠዓሊው ይሥላል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ፎቶ አንሺው ያነሳል። ከእነርሱ በፊት ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መወሰን ያለበት ነገር አለ። የምንናገረው ለማን ነው? ያ ሰው አሁን ምን ያስባል? ምን ብንለው ነው ልቡ የሚከፈተው? ውሳኔው በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ መነሻ ወረቀት ይሉታል። ማስታወቂያው ተሠርቶ ካለቀ መነሻ ወረቀቱ ይጣላል። እታለም የሠሩት እርሱን ነው።

ይህንኑ ለአባታቸው ለማስረዳት በአባታቸው ሙያ ገቡ። «አባባ፣ የኔ ሥራ እንደ ቤት መሠረት ነው። አይታይም፤ ቤቱን የሚሸከመው ግን እሱ ነው» አሏቸው። አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ማሰባቸው ነው፤ ይህን ግን ደፍሮ የነገራቸው አልነበረም። በመጨረሻ «ልጄ፣ መሠረት ሲቆፈር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዶማው ይጮኻል፣ ጎረቤት ይሳደባል፣ አቧራው ሰው አጥቦ ያሰጣው ልብስ ላይ ያርፋል። ያንቺ አቧራ የታለ?» አሉ። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እታለም የትም ቢሄዱ አብሯቸው ይሄድ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። ከባለቤታቸው ጋር የተገናኙት በሚሠሩበት ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ነው። ሊፍቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ቆሞ፣ እታለም ብቻቸውን አርባ ደቂቃ ቆዩ። ጠጋኙ በስንት ትግል በሩን ፈልቅቀው ሲከፍቱ የጠበቁት ለቅሶ ወይም ስድብ ነበር። እታለም ግን ቀና ብለው «ደረስን እንዴ?» አሉ። የአደጋ ደወሉን አልነኩትም ነበር። ጠጋኙ ይህችን ሴት ሌላ ሰው ሳይቀድማቸው ማግባት እንዳለባቸው በዚያው ቅጽበት እንደ ወሰኑ ሲናገሩ ኖረዋል። በ1983 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ በሰባት ዓመቷ «የወላጄ ሥራ» በሚል ርእስ እንድትጽፍ ብትታዘዝ «አባቴ ሊፍት ይጠግናል። እናቴ መስኮት ታያለች» ብላ ጻፈች። መምህርቷ የልጅቱን አባት አስጠርተው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ባለቤትዎ ደኅና ናቸው?» ሲሉ ጠይቀዋቸዋል።

ልጅቱ አልዋሸችም። የእታለም ጠረጴዛ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የአውቶቡስ ፌርማታውን በሚያሳየው መስኮት ሥር ነበር። ጠዋት ይገባሉ፣ ወንበራቸውን ያዞራሉ፣ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር ያያሉ። ከመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ የሚኮራበት ሰሌዳ ነበር። ያለቀ ማስታወቂያ ሁሉ እዚያ ይሰቀላል፤ ከሥሩም የሠሪዎቹ ስም በትንንሽ ካርድ ይለጠፋል። የሠዓሊው፣ የጸሐፊው፣ የፎቶ አንሺው፣ ሌላው ቀርቶ ቢልቦርዱን የጫነው ሾፌር ስም ይለጠፋል። የእታለም ስም በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልተለጠፈም። ክፋት አልነበረበትም፤ የትኛው ላይ እንደሚለጠፍ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ነው። የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ፣ ለማንም የማይመለሱ ሴት፣ አንድ ቀን ጠረጴዛቸውን በጣታቸው ነካ አድርገው «አንቺ ልጅ፣ ሠዓሊው ቀለም ያፈሳል፣ ጸሐፊው ወረቀት ይበትናል፣ ያንቺ ጠረጴዛ ብቻ ነው የማይቆሽሸው። እውነት ሥራ አለሽ?» ብለዋቸዋል። እታለም ያን ዕለት ለባለቤታቸው «እነ አባባ ቢሮ ድረስ ሰው ልከውብኛል» አሉ።

የሥራቸው ዋናው ችግር ግን አለመታየቱ ብቻ አልነበረም። ጥሩ ሐሳብ አንዴ ከተነገረ በኋላ ሁሉም ሰው ድሮም የሚያውቀው ይመስለዋል። እታለም ሦስት ሳምንት ለፍተው ያመጡትን ነገር ሲናገሩ፣ ክፍሉ ውስጥ ካሉት አንዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «ይሄማ ማን አጣው!» ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር በሥራ ዘመናቸው ከራሳቸው ስም በላይ ሰምተዋታል።

በ1988 ዓ.ም. ድርጅቱ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሾመ። ሰውዬው ማንኛውንም ሰነድ ከማንበባቸው በፊት በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አድርገው ስለሚመዝኑ፣ በመጡ በሳምንታቸው «ሚዛን» የሚል ስም ወጣላቸው። ሚዛን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልፋት ወዳጅ ነበሩ። እያንዳንዱ ክፍል ዓርብ ዓርብ የሠራውን ነገር ጠረጴዛቸው ላይ እንዲያስቀምጥ አዘዙ። በመጀመሪያው ዓርብ ከእነ እታለም የእቅድ ክፍል የመጣው አንድ ገጽ ነበር። ሚዛን ወረቀቷን አንስተው ከጀርባዋ አዩ። «ሦስት ሰው፣ አምስት ቀን፣ አንድ ወረቀት። እናንተ ክፍል ውስጥ ምንድነው የሚሠራው?» አሉ።

«እናስባለን» አሉ እታለም።

«እኛስ ታዲያ ምን እያደረግን ነው?» አሉ ሚዛን።

እዚህ ላይ እታለም ዕድሜ ልካቸውን ሲያፍሩበት የኖሩት ስሕተት ተሠራ። ክፍሉ እንዳይዘጋ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ተማክረው፣ ለአንድ የጣሪያ ቀለም ማስታወቂያ ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ጥናት አዘጋጁ። ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ላይ ተደረበ፤ ባለ ቀለም ግራፍ ገባ፤ ጠንካራ ሽፋን ተደረገለት። ሚዛን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ከፍ ዝቅ አድርገው፣ «አሁን ገና ሠራችሁ!» አሉ። የቀለሙ ፋብሪካ ሰዎችም «ጥልቅ ጥናት» ብለው አመሰገኑ። ጥናቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበበው ሠዓሊው ብቻ ነበር፤ እርሱም ቢቸግረው ነው። በሁለተኛው ቀን መጽሐፉን ታቅፎ መጣና «እታለም፣ እንደው ልጠይቅሽ፣ ምን ልሣል?» አለ። አብረው ገለጡት። ገጾቹን ለመሙላት ሲሯሯጡ ሐሳቡን ራሱን ማስገባት ረስተውት ነበር።

ከሁሉ የባሰው፣ ሐሳቡ ምን እንደ ነበር ከሦስቱ አንዳቸውም አለማስታወሳቸው ነው። ሠዓሊው ሐሳብ ሲጠፋ የሚሣለውን ሣለ፤ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ፈገግ ያለ ቤተሰብ። ሥዕሉ ሰሌዳው ላይ ተሰቀለ፤ ቀለሙ መጋዘን ቀረ። ሚዛንም ከሰሌዳው ፊት ቆመው፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ያልሸጠውን ቀለም ምን ይሸጠዋል ብለው አሰቡና፣ የእቅድ ክፍሉ ከቀጣዩ ሥራ በኋላ እንዲዘጋ ወሰኑ።

ቀጣዩ ሥራ ፍራሽ ነበር። እታለም የዚያን ሰሞን መስኮቱን እንኳ በወጉ አላዩም። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው የሥራ ማመልከቻ መጻፍ ጀምረዋል። ባለቤታቸው «አንድ ነገር ሲበላሽ እኛ መጀመሪያ የምናየው ከመቆሙ በፊት የት እንደ ነበር ነው» አሏቸው። ስለ ሊፍት ነው ያወሩት። እታለም ግን ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር አምስት ፖስታ ገዝተው ገቡ።

የፍራሽ ፋብሪካው ባለቤት፣ ቆፍጠን ያሉ ሴት፣ ለመጀመሪያው ስብሰባ በመጡ ቀን እታለም ለእርሳቸው፣ ለሚዛን፣ ለሠዓሊው፣ ለጸሐፊውና ለራሳቸው አንድ አንድ ፖስታና ወረቀት አደሉ። «ሰው አዲስ ፍራሽ የሚገዛው ለምንድነው? አሁን የሚመስላችሁን ጻፉ፣ አሽጉ፣ ማሸጊያው ላይ ፈርሙ» አሉ። ሚዛን «ፈተና ነው እንዴ?» ሲሉ ሁሉም ሳቁ፤ ጻፉም። አምስቱ ፖስታዎች በሚዛን መሳቢያ ተቆለፈባቸው።

ከዚያ እታለም ጠፉ። ፍራሽ መደብር በር ላይ ቆመው ዋሉ፤ የሰው መኝታ ቤት እየለመኑ ገቡ። ሰው የጎደጎደ ፍራሽ ላይ ስምንት፣ አሥር ዓመት እየተኛ፣ ወገቡን እያሸ «ምንም አይል» እንደሚል አዩ። አንዲት እናት ከመደብሩ አዲስ ፍራሽ አስጭነው ሲወጡ እታለም «ወገብ አሞዎት ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ሴትየዋ «ኧረ ወገቤስ ለምዶታል። የባሌ እኅት ልትመጣብን ነው እንጂ!» አሉ። እታለም ተመልሰው ሁለት ቀን መስኮት አዩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ጻፉ። ከገጹ ላይ የሚጠቅመው አንድ መስመር ነበር፦ ሰው ፍራሽ የሚገዛው ለራሱ ወገብ ሳይሆን ለእንግዳ ዓይን ነው።

በስብሰባው ላይ መስመሩ ሲነበብ የፋብሪካው ባለቤት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «ይሄማ ማን አጣው! እኔ ራሴ ይህንኑ ስናገር አይደል የኖርኩት?» አሉ። ሠዓሊው «ግልጽ ነው» አለ። ሚዛን ወረቀቷን በሁለት ጣት አንስተው «ለዚህ ሦስት ሳምንት?» አሉ።

እታለም «እስቲ መሳቢያውን ይክፈቱልን» አሉ።

የባለቤትየዋ ፖስታ ተከፈተ፦ «አሮጌው ስለሚያረጅ።» የጸሐፊው፦ «ለጣፋጭ እንቅልፍ።» የሠዓሊው፦ «ስለሚመች» ይልና ከሥሩ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ፈገግ ያለ ቤተሰብ አለበት። ሚዛን የራሳቸውን ላለመክፈት ጥቂት አንገራገሩ፤ ሲከፈት «ዋጋ ሲቀንስ» ይላል። ባለቤትየዋ የራሳቸውን ፊርማ ደጋግመው አዩት፤ የእርሳቸው ነው። በመጨረሻ የእታለም ተከፈተ፦ «ወገብ ሲያም።» ክፍሉ በሳቅ አወካ። ሚዛንም «አንቺም!» አሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው።

«አዎ፣ እኔም» አሉ እታለም። «እኩል ተሳስተን ነው የጀመርነው። ከእናንተ ስለምበልጥ አይደለም እዚህ ያለሁት። ከዚህ ወረቀት እስከዚያ ወረቀት ያለው መንገድ ነው ሥራዬ። መንገዱን ላሳያችሁ አልችልም፤ መነሻውና መድረሻው ግን ይኸው።»

ሚዛን በአንድ እጃቸው ፖስታውን፣ በሌላው መነሻ ወረቀቱን ይዘው፣ ከፍ ዝቅ ሳያደርጉ ለረጅም ጊዜ አዩ። ክፍሉ አልተዘጋም። «እንግዳ ሳይደርስ» የተባለው የፍራሽ ማስታወቂያ ከጎዳና እስከ ሬዲዮ ተሠራጨ፤ ፋብሪካው ሁለተኛ ፈረቃ ጀመረ። ሰሌዳው ላይ የሠዓሊው፣ የጸሐፊውና የሾፌሩ ስም እንደ ልማዱ ተለጠፈ። በማግሥቱ ግን ከካርዶቹ ጎን «ወገብ ሲያም» የሚለው የተከፈተ ፖስታ በሚስማር ተቸንክሮ ተገኘ። ጽዳት ሠራተኛዋ ነበሩ የቸነከሩት። «ተዉት፣ እዚያው አቧራ ይልበስ፤ እኔም ያንቺን ነገር የማራግፍበት ቀን ይምጣ እንጂ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በድርጅቱ ማንኛውም ሥራ ያለ ፖስታ አልተጀመረም። እታለምም «ፖስታ ቤት» ተባሉ። በ2010 ዓ.ም. በጡረታ እስኪሰናበቱ ድረስ አሥራ አራት እቅድ አውጪዎችን አሠልጥነዋል። ለሁሉም አስቀድመው የሚነግሯቸው ነገር የራስን ፖስታ ደብቆ የሌላውን መክፈት ነውር መሆኑን ነው። ልማዱን ወደ ቤትም አምጥተውት ነበር። ልጃቸው ምን ልታጠና እንደምትፈልግ ቤተሰቡ በፖስታ ገምቶ ሁሉም ስቷል፤ ልጅቱ ራሷም ጭምር። ባለቤታቸውን ግን የጋብቻ በዓላቸው ስጦታ በፖስታ እንዲገመት መጠየቁ ያበሳጫቸው እንደ ነበር ሳይጠቀስ አይታለፍም።

የፍራሹን ድል አባታቸው እንዴት ተቀበሉት? እታለም በዚያው ሳምንት ከአምስቱ ፖስታዎች አንዱን ይዘው ሄደው ነገሩን ሁሉ ተረኩላቸው። አባትየው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ፖስታውን ተቀብለው ጣታቸውን ሄድ መለስ አደረጉበት፤ ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ አቅንተው አዩ። «ንጹሕ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ጥሩ። ዛሬስ ምን ሠራሽ?» አሉ።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ እታለም የቆሽት ሕመም ገጠማቸው። ሐኪማቸውን ምርመራ ከመጀመራቸው በፊት ግምታቸውን ጽፈው እንዲያሽጉ ጠየቋቸው። ሐኪሙም «እኛ ጋ ፋይል ይባላል» ብለው መለሱላቸው፤ ከዚያ በኋላ ተግባብተዋል። ሕመሙ እየበረታ ሲሄድ አልጋቸው ወደ መስኮቱ ዞረ። የሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ አባታቸው በየቀኑ እየመጡ ከራስጌያቸው ይቀመጡ ነበር። ሊሄዱ ሲነሡ እንደ ዱሮው «ዛሬ ምን ሠራሽ?» ይሉ ነበር። «ሳስብ ዋልኩ፣ አባባ።» ስለ ፍየሏ ግን ከዚያ ወዲህ አላነሡም።

በየካቲት ወር እታለም የመጨረሻዎቹን አምስት ፖስታዎች አደሉ። ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለወንድማቸው፣ ለአባታቸውና ለራሳቸው። ጥያቄው አንድ ነበር፦ «የእኔ ሥራ ምን ነበር?» የሚከፈተውም እርሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ እንዲሆን አዘዙ። «አለበለዚያ የማይሆን ነገር ትጽፋላችሁ» ብለዋል።

እታለም መጋቢት 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በስድሳ አምስት ዓመታቸው በቤታቸው፣ ረፋድ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳደረጉ ዐረፉ። ባለቤታቸው ለጥቂት ጊዜ እያሰቡ ነው ብለው ዝም አሏቸው።

ፖስታዎቹ በማግሥቱ በአባታቸው ቤት፣ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ተከፈቱ። የባለቤታቸው እንዲህ ይላል፦ «እኔ አላውቅም። ብቻ በር በከፈትኩላት ቁጥር ከሆነ ቦታ ስትመለስ ነበር።» የልጃቸው፦ «መስኮት ታይ ነበር። አሁንም በቃሌ ነኝ።» እንደ አባታቸው ግንበኛ የሆኑት ወንድማቸው የጻፉት «ማስታወቂያ ትለጥፍ ነበር መሰለኝ» የሚል ነው።

የአባትየው ፖስታ ከሁሉም ይከብድ ነበር። ሲቀደድ ወረቀት አልወጣም። የወጣው አቧራ ነው፤ ነጭ፣ ደቃቅ የልስን አቧራ። ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ የባለቤትየውን ጥቁር ኮት ነካ፣ የልጅቱ መነጽር ላይ ዐረፈ። ማንም አላራገፈም። አባትየው አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ከመግቢያው በስተግራ፣ በዚያ ባዘነበለው ግድግዳ ላይ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ተፍቃ ታየች። ከሁሉ ቀድመው የተናገሩት ወንድማቸው ነበሩ፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ይሄማ ማን አጣው! እኔም እኮ ድሮም አውቀው ነበር» አሉ። ልጅቱ የአጎቷን የተከፈተ ፖስታ ወደ እርሳቸው ገፋ አደረገችላቸው።

የመጨረሻው የእታለም የራሳቸው ነበር። አራቱ ምን እንደሚጽፉ ገምተውበታል። ሦስቱን ከሞላ ጎደል አግኝተዋቸዋል። በአራተኛው መስመር ላይ ያለው ግን «አባባ፦ ባዶ ወረቀት» የሚል ነው። እንደ ሁልጊዜው ተሳስተው ጀምረዋል።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ወንድማቸው፣ ያሠለጠኗቸው አሥራ አራት እቅድ አውጪዎችና አባታቸው በሕይወት አሉ። የተፋቀውን ቦታ ወንድማቸው ሊለስኑት ቢነሡ አባትየው ከልክለዋል፤ እንዳለ ይቆያል። ፈጣሪ የእታለምን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ በሄዱበትም መስኮት አይንሳቸው።